የቁንጥሬ ጠማማ ስፌት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ማሽናቸው ዝም ያለባቸው አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከሕንፃው ሥር ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሲወጡ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከገዛ የልጅ ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ሰውዬውን ሰፈሩ «አባ ልኬት» ይላቸዋል። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አያወርዱም፤ ሰው ቆሞ ሲያነጋግራቸውም ትከሻውን በዓይናቸው ይለካሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ከመርፌና ከመቀስ ጋር ኖረዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ነርስ ከሆነችው ልጃቸውና ከአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሕፃኗ ከመቅጠኗ የተነሣ «ቁንጥሬ» ትባላለች። እናቷ ሥራ ስትውል ቁንጥሬ የምትውለው ከአያቷ ሱቅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከእነሱ ቤት ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከምትኖረው ጎረቤት ዘንድ መሄድ ጀምራ ነበር። ጎረቤቷ የሕፃናት መምህርት ናት፤ የአራት ዓመት ልጅም አላት።

ያን ቀን ቁንጥሬ እስከ ክርኗ የዱቄት ሙጫ ተለቃልቃ፣ ፀጉሯ ላይ የጋዜጣ ቅዳጅ ተለጥፎባት ከጎረቤቷ በር ትወጣ ነበር። ቀኝ እጇ ላይ አሮጌ ካልሲ አጥልቃለች። ካልሲው ሁለት የቁልፍ ዓይኖችና አንድ የቀይ ጨርቅ ምላስ ነበረው። አባ ልኬት ጎንበስ ብለው አዩት። ክሩ አንዱ ጋ ረዝሞ፣ አንዱ ጋ አጥሮ፣ እንደ ሰካራም መንገድ ይወላገዳል። ቢሆንም ስፌት ነው።

«ማን ሰፋልሽ?» አሏት።

«ራሴ ነኝ። መምህርቷ ቤት።»

«መስፋት ካማረሽ እኔ የለሁም ወይ?»

«አንተ ‹እጅሽን ሰብስቢ› ትለኛለህ፤ እሷ ‹እጅሽን አምጪ› ትለኛለች» አለች ቁንጥሬ። ክፋት ኖሯት አልነበረም። ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው፣ ያየችውን ተናገረች እንጂ።

ሰው የሚቀናው ባጣው ነገር ነው ይባላል፤ እውነቱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። በእጁ ሞልቶ የተረፈውን፣ ሳይሰጥ የቀረውን ነገር ሌላ ሰው ሲሰጥለት ያየ ሰው ቅናቱ ይብሳል። የአርባ ዓመት ልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ስፌት በሰው ቤት ሰፋች።

አባ ልኬት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁንጥሬ ወደ ጎረቤቷ ቤት እንዳትወርድ ከለከሉ። ልጃቸው ምክንያቱን ስትጠይቃቸው ልጅቷ ልብሷን እያበላሸች መሆኑን ነገሯት። በማግስቱም ሆዷ ሲነካ የምትዘፍን ትልቅ አሻንጉሊት ገዝተው አመጡ። ቁንጥሬ ሁለት ጊዜ አዘፈነቻትና ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠቻት። ሱቅ ውስጥ እንደ ታዘዘችው እጇን በጉልበቷ መሃል ሸጉጣ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ዓይኗ ግን ከአያቷ ጣት አይነቀልም። እሳቸው ያኮረፈች መሰላቸው።

የሱቁ የጓሮ መስኮት ደግሞ ወደ ግቢው ነው የሚያየው። መምህርቷ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ ከልጇ ጋር ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ታነጥፋለች። አባ ልኬት እንዳላየ ሆነው ያያሉ። የእንቁላል ካርቶን ሲቀደድ፣ ቅጠል በወረቀት ሥር ተደርጎ በእርሳስ ጎን ሲታሽና የቅጠሉ ደም ሥር ሁሉ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ፣ ቁልፍ በየቀለሙ ሲለይ አዩ። መምህርቷ መቀስ አያያዟ የማያምር፣ ወረቀት ስትቆርጥም የምታጣምም መሆኗን ሲያዩ ውስጣቸው ቀዝቀዝ አለ። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሰው ጉድለት ይቀልባል፣ ግን አያጠግብም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቁንጥሬ ቀትር ላይ ስትተኛ ያቺን የካልሲ አሻንጉሊት ይዘው ወደ ሱቅ ወረዱ። ጠማማውን ስፌት በምላጭ ተረተሩት። ቁልፎቹን ለክተው ትክክል አደረጉ፤ ምላሷን በማሽን ሰፉ፤ ከነጭ ሐር ኮሌታ አበጁላት። ሲጨርሱ ሱቅ መስኮት ላይ የምትሰቀል ዕቃ መሰለች። ልጅቷን ለማስደሰት ነው አሉ ለራሳቸው። ሰው ለራሱ ሲዋሽ የሚታዘበው የለም።

ቁንጥሬ ከእንቅልፏ ተነሥታ መጣች። አሻንጉሊቷን ተቀብላ አገላበጠቻት። በጣቷ ስፌቱን ዳሰሰች። ከዚያ አላለቀሰችም፤ ተንጠራርታ ተሰፍተው ያለቁ የደንበኛ ልብሶች ከሚደረደሩበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።

«ይቺ የሰው ናት» አለች። «ባለቤቷ ስትመጣ ትውሰዳት።»

አባ ልኬት በሥራ ዘመናቸው ብዙ ደንበኛ ተቆጥቷቸዋል፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ግን ደርሶባቸው አያውቅም። ሰው ሲጨንቀው ጥፋተኛ ይፈልጋልና ጥፋተኛዋን ከታችኛው ቤት አገኟት። እሑድ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ እንደ ከሳሽ አንገታቸውን ቀና አድርገው የመምህርቷን በር አንኳኩ።

መምህርቷ በአክብሮት አስገብታ ወንበር ሳበችላቸው። ቤቷ ጠባብ ነው። አንዱ ግድግዳ ሥር የቆየ ጋዜጣ፣ ባዶ ጣሳ፣ ካርቶንና የጨርቅ ቅዳጅ በሣጥን በሣጥን ሆኖ ተደርድሯል። አባ ልኬት ከገዛ ሱቃቸው የተጣለውን ቁርጥራጭ ከሩቅ አወቁት። ወትሮ «ልጄ» ይሏት የነበረችውን ሴት ያን ቀን «እርስዎ» አሏት። በእኛ ቋንቋ አክብሮትም በር የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

«እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አሉ። «ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ይህ ሁሉ ቆሻሻ ምን ያደርግለታል? ሙያ ከሆነ ሙያ ጨዋታ አይደለም። እኔ መቀስ ከመንካቴ በፊት ሦስት ዓመት የጌታዬን ሱቅ ጠርጌያለሁ፤ ቁራጭ ጨርቅ የነካሁ ቀን ጣቴን በማስመሪያ እመታ ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ለእራት አይበቃም» አለች መምህርቷ። «እኔ ግን እራት አልጠብቅበትም። የምጠብቀው እጁ እንዲፈታ ነው። ክፍሌ ውስጥ እርሳስ ጨብጠው ወረቀት የሚቀድዱ ልጆች አሉ፤ ጣታቸው ጠንክሮ አያውቅማ። ሊጥ ያሸ፣ ወረቀት የቀደደ፣ ክር ያሾለከ ልጅ ግን ፊደል ሲጽፍ አይቸገርም። እርስዎስ ያ ሦስት ዓመት ቢያጥርልዎ ይጠሉ ነበር?»

አባ ልኬት ሦስቱን ዓመት አስታወሱ፤ ጣታቸውንም ሳያስቡት አሹት። ግን ለመሸነፍ አልመጡምና ሌላ ክስ አነሡ።

«መርፌስ? ለአምስት ዓመት ልጅ መርፌ ይሰጣል?»

መምህርቷ ተነሥታ አንድ የካርቶን ቁራጭ አመጣች። ዙሪያውን በሚስማር ተበስቷል፤ የክሩ ጫፍ በሻማ ሰም ተነክሮ እንደ እንጨት ደርቋል። ቀዳዳውን የምትበሳው እሷ ራሷ እንደሆነች፣ ልጆቹ መጀመሪያ በዚህ እንደሚለማመዱ፣ ከዚያም ጫፉ የደነዘ ትልቅ መርፌ እንደምትሰጣቸው፣ ያም ቢሆን አጠገባቸው ተቀምጣ እንጂ ትታቸው እንደማትሄድ አስረዳቻቸው። ሙጫውንም ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ፣ በለስላሳ እሳት እያማሰለች ነው የምትሠራው። ልጅ ቢልሰውም አይመርዘውም። አባ ልኬት ካርቶኑን አገላበጡት። ብልሃቱ ሳይወዱ በግድ ደስ አሰኛቸው፤ ደስ ማሰኘቱ ደግሞ አበሳጫቸው።

በመጨረሻ ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ወጣ።

«እሺ፤ ሁሉም ይሁን። ግን ስፌት! ወረቀቱንም ሙጫውንም ያስተምሯት። ስፌቱን ለእኔ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?»

መምህርቷ ካርቶኑን ከእጃቸው ተቀብላ አስቀመጠች። ሰውዬው ምን እንዳመማቸው ያን ጊዜ ገባት።

«ጋሼ፣ እኔ መስፋት አልችልም» አለች። «የልጄ ቁልፍ ሲበጠስ በመርፌ ቁልፍ ነው የማያይዘው። ቁንጥሬ በካርቶኑ ተለማምዳ የጨረሰች ቀን መርፌውንና ክሩን ሰጥቻት ‹እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ እንሞክር› አልኳት። የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አረጠበች፣ በሁለት ጣቷ አሾለች፣ መርፌውን ወደ ብርሃን አነሣች፣ ትንፋሿን ያዘችና አሾለከችው። እኔ ከማን እንደተማረች ስጠይቃት ‹አያቴ እንዲህ ነው የሚያደርገው› አለችኝ። ከዚያ ቋጠሮውን ለእኔ አሳየችኝ።»

ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጣታቸውን የምታይ ሕፃን ለአባ ልኬት ታየቻቸው። ያኮረፈች መስሏቸው ነበር፤ ለካ ትማር ኖሯል። ተማሪ ነበራቸው፤ የነፈጉት መርፌውን ብቻ ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አንድ ነገር ግን ልናገር» አለች መምህርቷ አንገቷን ደፍታ። «ልጅቷ ከእርስዎ ቤት ይልቅ እኔ ቤት መሮጧ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔውኑ ወጥቼ ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ ደስታዬን ለመጋራት ሰስቼ ነው ዝም ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አባ ልኬት ቅናታቸውን ይዘው የመጡት ብቻቸውን መስሏቸው ነበር። ሌላው ሰው ዘንድም ድርሻ እንዳለ ሲሰሙ ሸክሙ ቀለላቸው። የካልሲውን ነገር፣ መተርተሩንም ኮሌታውንም ሳይደብቁ ነገሯት። መምህርቷ አልሳቀችም፣ አልፈረደችባቸውምም። ልጅ የሠራውን ቀና ማድረግ ልጁን ‹አትችልም› እንደማለት መሆኑን፣ እሷም ሥራውን ስትጀምር የልጇን ወረቀት ሁሉ እየነጠቀች ታስተካክል እንደነበር አጫወተቻቸው።

«እንግዲህ ምን ላድርግ ትዪኛለሽ፣ ልጄ?» አሏት።

«አጠገቧ ይቀመጡ። የሚበሳውን ይብሱላት። ሲጠማ ይተዉላት።»

ቀላል ምክር ይመስላል። ለአርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ግን ከባድ ነው። በማግስቱ አባ ልኬት ሱቃቸው ውስጥ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ምንጣፍ አነጠፉ፤ የተበሳ ካርቶን፣ የደነዘ መርፌና አንድ ጣሳ ቁልፍ አስቀመጡ። መጀመሪያ ግን ቁንጥሬን አስቀምጠው ስፌቷን በመተርተራቸው ይቅርታ ጠየቋት። ሕፃኗ ጥቂት አሰበችና ጥያቄ አቀረበች። መተርተር ትችል እንደሆነ ነው የጠየቀችው። ጫፉ በደነዘ መቀስ እንዴት እንደሚተረተር አሳዩዋት፤ የሐሩን ኮሌታ ራሷ ነቀለችው። ከዚያ ካልሲዋን እንደ ገና መስፋት ጀመረች። ክሩ እንደ ለመደው ተወላገደ። የአባ ልኬት ጣት ሦስት ጊዜ ለማቃናት ተነሣ፤ ሦስቴም መለሱት። አራተኛው ላይ ተነሥተው መስኮት ሊወለውሉ ሄዱ።

ወራት አለፉ። ነርሷ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ አባቷንና ልጇን ምንጣፍ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ታገኛቸዋለች። ቁንጥሬ በወተት ጣሳ ላይ ጨርቅ ለጥፋ የእርሳስ ማስቀመጫ ሠርታላታለች። ጣቷ ጠነከረ፤ ስሟን ጻፈች፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ መነሣት ተወች። የጎረቤቷ ልጅም ሱቅ እየወረደ ቁልፍ ይለያል። ደንበኞች ልብስ ሲለኩ ልጆቻቸው ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዲት እናት «ይህ ቆሻሻ ነው፣ አትንካ» ብላ ልጇን ስትጎትት አባ ልኬት አቋርጠዋት ቁም ነገሩን ሁሉ ዘረዘሩላት። በቤት ውስጥ ከሚጣል ነገር የሚሠራ ሥራ ልጅን ከሚዘፍን አሻንጉሊት ይልቅ እንደሚያጫውት፣ ጣትን እንደሚያፍታታ፣ ትዕግሥትን እንደሚያስተምር፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ትልቁንና ትንሹን በአንድ ምንጣፍ ላይ እንደሚያስቀምጥ ነገሯት። ሴትዮዋ አላመነችም ነበር፤ ግን ልብሷ እስኪለካ ልጇን ለቀቀችው።

የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ በተቃረበበት ሰሞን ቁንጥሬ አንድ ከረጢት መስፋት ጀመረች። ሰማያዊ ጨርቅ መረጠች፤ ገመድ የሚያልፍበትን ጫፍ አጠፈች፤ ከፊቱ አበባ ለጠፈች። አምስት ቀን ፈጀባት። እንዲህ ያማረ ነገር ሠርታ አታውቅም። አባ ልኬት የመነጽራቸው መያዣ ካረጀ ቆይቷል፤ ከረጢቱንም በዓይናቸው ለክተውታል፤ ልኩ ነው። በሆዳቸው ተቀብለው ጨርሰዋል።

በአምስተኛው ቀን ክሩ አለቀባት።

«አያቴ፣ ክር አስገባልኝ፤ ቶሎ ልጨርስ። ለመምህርቷ ነው።»

ያቺ የድሮዋ እሳት ከደረታቸው ሥር ብልጭ አለች። አልካዷትም፤ ቅናት ምክር ስለተሰማ ብቻ ጓዙን ጠቅልሎ አይወጣም። ከመደርደሪያው ውድ ልብስ ብቻ የሚሰፉበትን ጠንካራ ክር አወረዱ፤ ጫፉን በከንፈራቸው አርጥበው መርፌው ውስጥ አሾለኩና ሰጧት።

«በዚህኛው ስፊው» አሏት። «ቶሎ አይበጠስም።»

ስትጨርስ እጇን ይዘው ደረጃውን ወጡ። የመምህርቷን በር ያንኳኩት እሳቸው ናቸው፤ ሲከፈት ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣ ልጅቷ ብቻዋን እንድትሰጥ።