የዶሮዎቹ ነጭ ጣሪያ

እንዴት አደርሽ እህቴ? ሻይ ቤቱስ እንዴት ነው? ደንበኛ በዛልሽ አሉ... እሰይ፣ ደስ ይበልሽ። እንቁላል ፈልገሽ ነው? ነይ እዚህ ጥላው ሥር ቁጭ በይ። ባለቤቱ ከአጥሩ ወዲያ መኖ እየሰጠ ነው፣ ሲጨርስ ይሰጥሻል። እኔ አልነካም። የሰው ንብረት ምን አግብቶኝ?

ውይ ሙቀቱ! ገና በጠዋቱ እንዲህ ከሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ምን ልንሆን ነው?

ያንን ነጭ ጣሪያ አየሽው? አያምርም? የዶሮዎቹ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ተደርቦ ተቀባ። ነጭ ቀለም ፀሐይዋን መልሶ ይሰዳታል፣ ቆርቆሮው አይግልም፣ ውስጡም ይቀዘቅዛል። ይሄን ያስረዳኝ አንድ አዋቂ ነው... ስም አልጠራም። ብቻ እናቴ ከእኔ በፊት የወለደችው ሰው ነው። «ዶሮ እኮ ሙቀት አይችልም» ሲለኝ አንጀቴን በላው። እንዲህ ያለ ርኅሩኅ ዛሬ ከየት ይገኛል?

የእናቴ ጣሪያ? ያውልሽ፣ ያ የዛገው። እሷ መቼ እንቁላል ትጥላለችና! ሁለት ጣለች፣ አቆመች። ከሁለቱም አንዱ... ተይው፣ አሁን ሽታው ምን ያደርግልናል?

ማክሰኞ ቀን ልብስ አጥቤ ስገባ ወለሉ ላይ ተዘርራ አገኘኋት። ገላዋ እሳት፣ ከንፈሯ ድርቅ ብሎ። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ ምን አለችኝ? «እኚህን ሴት የሚያሳምማቸው ቤታቸው ነው። ቀን ቀን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይዋሉ፣ ሁለተኛ እንዲህ ከሆኑ አይተርፉም።» ቀዝቀዝ ያለ ቦታ... እዚህ ግቢ ውስጥ የት አለ? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።

እናቴ መቼ ሞኝ ናት፣ ራሷ አገኘችው። በርጩማዋን አንጠልጥላ ዶሮ ቤት ገባች! ሦስት ቀን እዚያ ውላ ነፍሷ መለስ አለች፤ ምግብም መቅመስ ጀመረች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባል የለ? የኛዋ ደግሞ የዶሮዎቹን ቤት ታልም ጀመር።

ትናንት ታዲያ «ዶሮዎቹ ሰው ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ እንቁላል ቀነሱ» ተባለና... ያቻት ቁልፍ፣ ዶሮ ቤቱ በር ላይ። አዲስ ናት፣ ታብረቀርቃለች። ለእናቱ ክብር ብሎ እኮ ነው! ትልቅ ሴት ከዶሮ ጋር ስትውል ሰው ምን ይላል?

የተረፈ ቀለም ነበረ፣ ግማሽ ባልዲ። ለእሷ ጣሪያ ስጠይቅ «ወደፊት ለጫጩቶቹ ቤት ይሆናል» አለኝ። አየሽልኝ አርቆ አሳቢነት? ገና ላልተፈለፈለው እንዲህ የሚጨነቅ ሰው የወለደችውንማ እንዴት ይረሳል...

ምነው ትጠቅሺኛለሽ? ይሰማል? ይስማ እንጂ! ክፉ ወጣኝ? ጠዋቱን ሙሉ ሳመሰግን ነው የቆየሁት። ደግሞ ጮክ ብዬ አላወራሁም፣ ዶሮዎቹ እንዳይደነግጡብኝ ስሳቀቅ ነው ያለሁት። ለቅሶዬንም ቢሆን ሌሊት ጨርሼዋለሁ።

በይ መጣልሽ፣ እንቁላልሽን ተቀበይ። እኔ ገብቼ እናቴን ላራግብላት። እሱን ግን ሳልመርቀው አልገባም፣ አንቺም አሜን በይልኝ። ፈጣሪ ዕድሜውን ከእናቱ ዕድሜ ያስበልጠው። አርጅቶ ጉልበቱ ሲከዳው ልጆቹ በዙሪያው ይሰብሰቡለት። እናቱን እንዳየ አይዩት፣ ልክ እንደ ዶሮ ይዩት።