ታግቦንግን አረንጓዴ ያደረገው ማን እንደሆነ

የምስክር ስም፦ ሮዌና አቢትሪያ
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ በከተማው የአደጋ መከላከል ቢሮ የካርታ ባለሙያ
አድራሻ፦ ሳንታ ኢኔስ፣ ቢኮል፣ ፊሊፒንስ
ቀን፦ ኖቬምበር 9 ቀን 2022፣ ከቀኑ 6፡40

የመጣሁት ሳልጠራ ነው። የታግቦንግ መንደር ጸሐፊ ማናይ ሉዝ (ማናይ በእኛ አገር ታላቅ እህት እንደ ማለት ነው) የጎርፉን መጠን ሳታሳውቅ በመቅረቷ ሰው ሞቷል ተብላ ከትናንት ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ታስራለች። አሳውቃለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። መርማሪው እንድቀመጥ ሁለት ጊዜ ቢነግሩኝም መቀመጥ አልቻልኩም።

ካርታውን የጀልባ ነጂዎች በስልካቸው ከፍተው ቀይ ወደሆነው መንደር ይሄዳሉ። ውሃው ደረት ከደረሰ ቀይ፣ ጉልበት ከደረሰ ቢጫ፣ ደረቅ ከሆነ አረንጓዴ ነው። የሠላሳ አንዱ መንደር ወሰን ካርታው ላይ አለ፤ የውሃው ከፍታ ግን የየመንደሩ ጸሐፊ ከሚሞላው ከሌላ ሠንጠረዥ ይመጣል። ሁለቱን በመንደር ስም ያገናኘሁት እኔ ነኝ። በመለያ ቁጥር ማገናኘት ይሻል ነበር፤ ጸሐፊዎቹ ቁጥሩን በቃላቸው ስለማያውቁት ሰነፍኩና ተውኩት።

የውሃ ከፍታ ያልተገኘለት መንደር ድሮ ግራጫ ነበር። ኦክቶበር 28 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አለቃዬ ሰር ዳንቴ አይቶት ተቆጣ።

«ይኼ ምንድን ነው? ካርታው የተጣጣፈ ሱሪ መሰለ እኮ! ከንቲባው ሲመጡ ይኼን ላሳያቸው?»

«ሰር፣ ግራጫ ማለት መረጃ የለም ማለት ነው።»

«መረጃ ከሌለ ችግር የለማ! አረንጓዴ አድርጊው፣ አትጨቅጭቂኝ።»

አደረግኩት። ትክክል እንዳልሆነ እያወቅኩ አደረግኩት።

ኖቬምበር 7 ቀን ጎርፉ መጣ። ከቀኑ 8፡30 ላይ ማናይ ሉዝ ደወለች።

«ሮዌና፣ ልኬያለሁ እኮ! ደረት አልፏል፤ ጀልባው የታለ?»

«ማናይ፣ እኔ ጋ አረንጓዴ ነው። ተረጋጊ።»

«አረንጓዴሽን ትተሽ ጀልባ ላኪ!»

ማናይ ሉዝ ዶሮዋ ስታስነጥስም የምትደውል ሴት ናት ብዬ አላመንኳትም። ጀልባዎቹ ወደ ሌሎች መንደሮች ሄዱ። ታግቦንግ የደረሱት 11 ሰዓት ላይ ነው። ባሏ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ቆርቆሮው ተገንጥሎ ውሃው ወስዶታል።

ትናንት ጠዋት ሠንጠረዡን ከፈትኩ። «ዶን ቴዮፊሎ፣ 140 ሳንቲ ሜትር፣ 8፡10» ይላል። በጁን ወር የመንደሩ ምክር ቤት ታግቦንግን በከንቲባው ሟች አባት በዶን ቴዮፊሎ ስም ሰይሞታል። በአዲሱ ስም የሚጠራው ሰው የለም፤ የመንደሩ ሹም ግን በጽሑፍ ላይ አሮጌውን እንዳትጠቀም ማናይ ሉዝን አስጠንቅቋት ስለነበር የታዘዘችውን ጻፈች። ካርታው ላይ ያለው አሮጌው ነው። ስሞቹ ስላልገጠሙ የላከችው ቁጥር ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ካርታው ላይ ሳይገባ ቀረ፤ መንደሩም መረጃ የለውም ተብሎ አረንጓዴ ተቀባ።

ለሰር ዳንቴ ስነግረው «ስሙን አስተካክዪና አፍሽን ዝጊ» አለኝ። አልነካሁትም። ሠንጠረዡን እንዳለ አትሜ ከዚህ ቃል ጋር አስረክቤያለሁ።

መርማሪው ይህን ከፈረምኩ ተጠርጣሪ እንደምሆን፣ አስቤበት ነገ ልመለስ እንደምችልም ነግረውኛል። ነገ አይሆንም። የማናይ ሉዝ ባል ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል። እስክሪብቶውን እንዲሰጡኝ ጠይቄያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ያስገደደኝ የለም፣ የደበቅኩትም የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ሮዌና አቢትሪያ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ኤፍሬን ቡዌናጉዋ
የተፈረመበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7፡25