የአማች ማጣሪያ

ነይ እስቲ የእህቴ ልጅ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ ጠጋ በይ። የዛሬው ሙቀት መቼም ለጉድ ነው! ልጆቹ ደህና ናቸው? የትንሹ ሳል ለቀቀው? ተመስገን። አዎ፣ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ ይሄ ማራገቢያ እየተንጓጓ እንዴት ትሰሚኛለሽ? የብድር ክፍሉን መስኮት ተዪው፣ አትዝጊው። ውስጥ ያለውም ሰው ነው፤ ትንሽ ነፋስ ያግኝ እንጂ…

እና ብድሩን ስለከለከሉሽ የስፌት ቤትሽን ቁልፍ ለአከራዩ ልትመልሺ ነው አሉ? አዬ ልፋት! ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ ጥፋቱ ያንቺው ነው። ማን ፍርድ ቤት ሂጂ አለሽ? የጎረቤት ብስክሌት ሲሰረቅ ዓይንሽን ጨፍነሽ ማለፍ አቅቶሽ ነው? ይኸው፣ ለምስክርነት ቆምሽና ስምሽ መዝገብ ላይ ቀረ። ተበዳሪ የሚያጣራ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ስምሽን ካገኘ በቃው፤ ከሳሽ ትሁን ተከሳሽ፣ ምስክር ትሁን ብሎ ገጹን ይገልጣል እንዴ? መግለጥ እኮ ጣት ያደክማል! የማኅበራችንን ገንዘብ እንዲህ ያለ ሰው ስለሚጠብቅልን ደስ ሊለን ይገባል።

የብድር ክፍሉ ኃላፊ አድልዎ ብሎ ነገር ደግሞ አያውቁም። የገዛ ልጃቸው ባል ሚኒባስ ልግዛ ብሎ ሲያመለክት፣ አማቼ ነው ብለው ዝም አሉ? በጭራሽ! ፍርድ ቤት ጠየቁ። የትኛውን? የዚህን ሰፈር ነዋ! ልጁ ለሠርግ መጥቶ ሻንጣውን እንኳ ፈትቶ ያልጨረሰበትን… "እዚህ ተከሶ አያውቅም" የሚል መልስ መጣ፣ ብድሩም ተፈቀደለት። ታዲያ ትናንት የገባ ሰው በየት በኩል ጊዜ አግኝቶ ይከሰሳል? ዕድሜውን የኖረበት ከተማ ያለውንም ይጠይቁ ነበር ትያለሽ? ተይ እንጂ፣ ሰው አማቹን እስከዚያ ድረስ ያሳድዳል? እዚያ አበዳሪዎቹ ተራ በተራ ከሰውታል የሚሉ አሉ። አፋቸውን ይዝጉ! ሚኒባሱን ግን አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔም አላየሁትም። ልጁንም ካየሁት ሰነበትኩ። ስልኩም ዝግ ነው… ሥራ በዝቶበት ይሆናላ።

ምነው፣ መስኮቱን ማን ዘጋው? ይዘጋ፣ መስታወቱ ስስ ነው።

አንቺ ግን አትቀየሚ። ይኸው፣ የውሳኔውን ግልባጭ አስወጥቼልሻለሁ፤ ምስክር እንደነበርሽ በግልጽ ይናገራል። ይዘሽ ግቢና እንደገና አመልክቺ። ይሄኛው ግልባጭ? እሱን ተዪው፣ ያንቺ አይደለም። ያቺ የልጁ ከተማ ለካ ሩቅ አይደለችም፤ አውቶቡሱም ምቹ ነው። የማኅበሩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ላነብላቸው አስቤያለሁ… ካልረሳሁት። ያንቺ ነገር ዛሬ ከተቃናልኝ ደግሞ ደስታው ብዙ ነገር ያስረሳኛል፤ ታውቂኝ የለ?

እሰይ! መስኮቱ ተከፈተ፣ አንቺን ነው የሚጠሩት። አየሽ ደግነታቸውን? ወንበር ሁሉ እያስጠጉልሽ ነው።

በይ ግቢ፣ ዝቅ ብለሽ ሰላም በያቸው። እኔም ከዚሁ ልመርቃቸው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ቤታቸውን ይባርክላቸው። ትንሿ ልጃቸውም ለወግ ለማዕረግ ደርሳለች አሉ… ለእሷም ልክ እንደ ታላቋ፣ እሳቸው ራሳቸው አጣርተው ያመኑበትን ባል ይስጣት።