ከመንገድ የሚታይ ቀይ ትራክተር

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከመተማ ወደ ሸሕዲ ስንመለስ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። ሾፌራችን መለዋወጫ ጎማ አልያዘም፤ ረዳቱ የፈነዳውን ይዞ ሊያስጠግን ሄደ። እኔ ሸሕዲ የማስተምር ሰው ነኝ። አብራኝ የነበረችው ሉሊት የድሮ ተማሪዬ ስትሆን ጎንደር ብረታ ብረት ተምራ መጥታ የእርሻ መሣሪያ መጠገኛ ከፍታለች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለችና ጥላ ፍለጋ መንገድ ዳር ካለ አንድ ግቢ ገባን።

ባለቤቱ አቶ ጀምበሩ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ውሃ በጣሳ ሰጡንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሥራቸው ሞተሩ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን ትራክተር በሰሊጥ ዘይት በነከሩት ጨርቅ ማሸት ነበር። አጠገባቸው ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ተቀምጧል። የትራክተሩ የአምና ቀለም ግማሹ ተልጧል፣ ግማሹ አብጧል፤ ላዩ ቀይ፣ ውስጡን ለቄስ ነው።

«አባየ፣ ዘይቱ ለምንድን ነው?» አለች ሉሊት።

«ብረት ሲደርቅ ይዝጋል፣ ሲጠግብ አይዝግም። አጠግበውና ቀለሙን አለብሰዋለሁ። በያመቱ ነው።»

«ቀለሙስ ይቆያል?»

«ከሐምሌ አያልፍ። ያ ባለሱቁ አብዱልሀኪም ነው የማይረባውን ሲሸጥልኝ የኖረ። ሰላምታ ከነሳሁት ሦስት ዓመቴ።»

ሉሊት አሁን ከማን እንደሚገዙ ጠየቀቻቸው። ከአብደራፊ ከተማ ያስመጣሉ፤ የዚያም ነጋዴ ቀለም ያው ተላጠ። «እንግዲያ ሁለት ነጋዴ ቀይረው ልጣጩ ካልተቀየረ ጥፋቱ የቀለሙ ይመስልዎታል?» አለቻቸው። አቶ ጀምበሩ ጨርቃቸውን ጠምዝዘው ማሸታቸውን ቀጠሉ።

እኔ ደግሞ ነገረኛ ነኝና ለማይነሳ ትራክተር ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ባልጠየቅሁ ብዬ የተጸጸትሁት ወዲያው ነው። ልጃቸው ይስማው ከአሥር ዓመት በፊት ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ተሻግሯል። አንድ ደብዳቤ ከካርቱም መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሊሄድ ሲል ትራክተሩን በገዛ እጁ ቀብቶ፣ ስመለስ ቤታችንን በዚህ ቅላት ከመንገድ አውቀዋለሁ ብሏቸው ነበር። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች፣ ቤቱ የሣር ጎጆ ነበረ፤ በራፉ ላይም ትልቅ ግራር ቆሞ ነበር። ዛሬ መንገዱ አስፋልት፣ ቤቱ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ግራሩም ተቆርጧል።

«ሌላ ምልክት የለኝም» አሉን። «ዝጎ ካገኘው የሰው ቤት መስሎት ያልፋል።»

ሉሊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባየ፣ ቅቤ የተቀባ ግድግዳ ጭቃ ይይዛል? ዘይት ያለበት ብረትም ቀለም አይዝም። ዝገቱንም ሳያነሱ ቢያለብሱት ከስር መብላቱን አይተውም። ደግሞ በዚህ ቀትር ብረቱ ይፋጃል፤ የቀለሙ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። እብጠቱ ከዚያ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይ?»

«የአሥሩ ዓመት ልጣጭ ተፍቆ ይውጣ።»

አቶ ጀምበሩ ተነሥተው በእሷና በትራክተሩ መካከል ቆሙ። «ከሁሉም ስር የልጀ እጅ አለ። እሱን አላስፍቅም፤ ኸላስ፣ አለቀ።»

ትምህርት ልክ ነው፤ ግን ልክ የሆነ ነገር ሁሉ ለአባት አይነገርም። ሉሊት ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ ማለቴ ነው፣ አንዲት መዳፍ ታህል ብቻ በውስጥ በኩል እንድትፍቅ እንዲፈቅዱላት ለመነቻቸው። ብዙ አንገራግረው ፈቀዱ።

ከቦርሳዋ መፋቂያ አወጣች። ድርብርቡ ቀለም ሳይታገላት ተገነጠለ፤ ጀርባው አሁንም በዘይት ይወዛል። በመጨረሻ አንድ የደበዘዘ ቀይ ላይ ስትደርስ መፋቂያው አልገባ አለ። በሽቦ ብሩሽ ብትፈትገውም አልተነሳም።

«ይኸኛውን ዘይት አልነካውም» አለች። «አጥቦታል፣ ፈግፍጎታል፣ ከስሩም አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያውን፣ ሰጥቶታል። የልጅዎ እጅ ያሉት ይኸ ነው?»

አቶ ጀምበሩ ጣታቸውን በቀዩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። «ሦስት ቀን በሳሙና ሲያጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍገው ነበር። እርሻው ቆሞ ብረት ገላውን ቢታጠብ ምን ሊረባው ብየ ሳቅሁበት። ዘይት ላጥግበው ብለው እንቢ አለኝ። ሰነፍ አልኩት። በሳምንቱ ሄደ። ያወቀውስ እሱ ኖሯል።»

ጎማው ተጠግኖ መጥቶ ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ እንኳ ማናችንም ቶሎ አልተነሳንም።

«በይ እንግዲህ ልጀ፣ የተማረ ይግደለኝ» አሉ በኋላ። «ፋቂው። የሱን ግን አደራ።»

«የያዘ ቀለም አይነሳም፣ አባየ። ለስለስ አድርጌ አዲሱን በሱ ላይ አቆመዋለሁ።»

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ዘይቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብን፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አነሣን፤ የተራቆተውን ብረት አንቲረስት አልብሰን አሳደርነው። በማግስቱ ጤዛው ደርቆ ብረቱ ሳይግል ሉሊት ስስ አድርጋ ቀባችው፤ ያ በደንብ ሲደርቅ ደገመችው። ቀለሙን አቶ ጀምበሩ ራሳቸው ከአብዱልሀኪም ሱቅ ገዝተው ነው ያመጡት። ይቅርታ ሲጠይቁት የሦስት ዓመት ሻይ ቀርቶብናል ብሎ አስቀምጧቸው እስኪመሽ እንዳልለቀቃቸው ሰማሁ።

ከዚህ የተማርሁትን ልናገር። ዕድፍና ዝገት ያልተነሣለት ብረት አሥር ጊዜ ቢቀባ አሥር ጊዜ ይላጣል፤ አንድ ጊዜ በወጉ የተዘጋጀ ግን የዓመቱን ቀለም፣ የዓመቱን ድካም፣ ከጎረቤት መቀያየሙንም ያስቀራል። ልጆቻችን ሲሠሩ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ብሎ መጠየቅም አይከፋም።

ነሐሴ መጨረሻ እንደገና ከመተማ ስመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ትራክተሩ ከሩቅ፣ ከመታጠፊያው ጀምሮ፣ ቀልቶ ታየኝ፤ አንድም ቦታ አልተላጠም። አቶ ጀምበሩ በርጩማቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ከድንበር የተሳፈሩ፣ ፊታቸውን ፀሐይ ያጠቆረው ሰዎች ነበሩ። ወደ ግቢው ስንቃረብ ምናልባት ይስማው ከመካከላቸው ይሆን ብዬ ዞሬ አየኋቸው፤ አንዱ «ወራጅ አለ» እስኪል ጠበቅሁ።