ያልጨረስሁላት ቃል

ዕድሜዬ ገፍቷልና አንዳንዱን አሳስቼ እነግራችሁ ይሆናል፤ ዕለቱ ግን ይጁቤ ከተማ፣ እኛ ቤት የማርያም ማኅበር የተጠጣበት ነበር። የልጅ ልጄ ብርቱካን ከልጅነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የንግግርና የመስማት ሕክምና ልማር ማለቷን የሰማው ታናሽ ወንድሜ ስማቸው ጠላውን አስቀምጦ፣ «አንቺ ራስሽ ሳትድኚ ማንን ልታድኚ ነው? ፋርማሲ ይሻልሻል፤ መድኃኒት ማቀበል ብዙ አያናግርም» አላት። ማኅበርተኛው ሳቀ።

«ጋ... ጋሼ፣ መ... መ...» አለች። እኔ ፈሪ ነኝ፤ እንዳይስቁባት ስል ቃሏን ሁልጊዜ ቀድሜ እጨርስላታለሁ። ያን ዕለትም አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«አባባ፣ ይ... ይተዉኝ፤ ራሴ ልጨርሰው።»

ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን አልቸኮለችም። «ጋሼ፣ መ... መነጽር ያደረገው ሐኪም ዓይንዎን ሲያክምዎት፣ መ... መጀመሪያ የራስህን አድን አሉት?»

ስማቸው ጠላውን መልሶ አነሣ። እኔም ብድግ ብዬ፣ «የፈለገችውን ትማራለች፤ ያልወደደ ማኅበሩን ጠጥቶ ይሂድ!» አልሁ። እንዲያ ተናግሬ አላውቅም።

ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው የገበያ ቀን ነው። ተመርቃ ሥራ መጀመሯን ልትነግረኝ ደወለች። «አ... አ...» ስትል፣ አባባ የሚለው እስኪወጣላት ዝም ብዬ ጠበቅሁ።