የሚነዝር ውሃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰውን መምከር እርም ብዬ ትቼ ነበር። በካፋ ዞን በጤና መኮንንነት ስሠራ ዕድሜዬን የፈጀሁት እጃችሁን ታጠቡ፣ ውሃ አፍሉ፣ መጸዳጃ ቆፍሩ እያልኩ ነው፤ ሰሚ የማገኘው ግን ሁልጊዜ ከቀብር መልስ ነበር። ስለዚህ ያን ዝናባማ ሐሙስ ከቦንጋ ገበያ ስመለስ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ክርክር ሲነሣ፣ አፌን ዘግቼ ለመስማት ብቻ ነበር ሐሳቤ።

በቀኜ የተቀመጡት ጎረቤቴ ጋሽ ሀብተሥላሴ ነበሩ። ከቢታ ገነት ማር እያስመጡ በመሸጥ ኑሯቸውን ያደላደሉ፣ ለተቸገረ እጃቸው የማይሰስት፣ ነገር ግን «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ የማታውቅ ሽማግሌ ናቸው። ጭናቸው ላይ አዳዲስ የላስቲክ ነጠላ ጫማዎች የታጨቁበት ፌስታል ይዘዋል።

«ይህ ሁሉ ጫማ ለማን ነው ጋሽ ሀብቴ?» አልኳቸው።

«ለመታጠቢያ ቤት ነዋ! እሑድ የማኅበር ተራችን ስለሆነ ከዋጫ ዘመድ ይመጣል። የቤታችን ቦይለር ትንሽ ትነዝራለች። ባዶ እግሩን የገባ ሰው ይደነግጣል፤ ነጠላ ጫማ ካደረገ ግን ምንም አይለው።»

በግራዬ የተቀመጠችው ወጣት አንገቷን ብቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ጨዋታዎን ስላቋረጥኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚነዝረው የቦይለሯ ቆርቆሮ ነው ወይስ ውሃው ራሱ?»

«ውሃውም፣ ቧንቧውም። ምነው?»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ትጥፋ። እስክትሠራ ድረስ ማንም ሰው እንዳይታጠብባት።»

ይህች ወጣት ሀፍሳ ናት። አባቷ ከሊል ከስልጤ መጥቶ ከገበያው በታች የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የከፈተ ነጋዴ ነው። እሷ እዚሁ ቦንጋ አድጋ፣ ጅማ ኤሌክትሪክ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ከአባቷ ጋር ትሠራለች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ማን መሆኗን ሲያውቁ ከት ብለው ሳቁ።

«የከሊል ልጅ! አባትሽ ዕቃ ይሸጣል፣ አንቺ ደግሞ በየባጃጁ ገዢ ታስፈራሪለታለሽ!»

«ዕቃውን ከፈለጉት ሱቅ ይግዙት ጋሼ» አለች ሳትቀየም። «ብቻ ትጥፋልኝ።»

ከባጃጁ ስንወርድ ዝናቡ ብሶበት ስለነበር ሦስታችንም እየሮጥን ጋሽ ሀብተሥላሴ በረንዳ ላይ ተጠለልን። መብራት ጠፍቷል፤ ቦንጋ ውስጥ ዝናብና መብራት አብረው አይውሉም። ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ ጉልበታቸውን እየደገፉ ወጥተው ሳሙን። እኚህ ሴት የሰፈራችን እናት ነበሩ። የታመመ ሲጠየቅ ቀድመው የሚገኙት፣ የተጣላ ሲታረቅ መሐል የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ቁርጥማት ግን አልለቃቸው ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ካላገኙ እግራቸው አይታዘዝላቸውም ነበር።

ሀፍሳ ነገሩን ደግማ አስረዳቻቸው። እትዬ በዛወርቅ ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ እኔን የሚያቆመኝ እኮ ይኸው ንዝረቱ ነው። ጉልበቴን ከቧንቧው ሥር ሳደርገው ሰርስሮ ይገባና ያፍታታኛል። ሐኪም ቤት ሄዶ ኤሌክትሪክ የሚያስነካ ሰው አለ ይባል የለ? ለኔ እግዜር እቤቴ አመጣልኝ።»

«እሱ በልክ የሚሰጥ፣ ሐኪም የሚቆጣጠረው ነው እትዬ። ይኼኛው ግን ልክ የለውም። ዛሬ ኮርኩሮ የተዋችሁ ነገ ላይተዋችሁ ይችላል። መንዘር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

መልሱን የሰጡት ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ ያውም በኩራት። «በፊት ቦይለሯን ባበራን ቁጥር ቆጣሪው እየጣለ ቤቱ ይጨልም ነበር። አንድ ሠራተኛ አመጣሁ። ከሦስቱ ሽቦዎች አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን ‹ይህ ትርፍ ነው› ብሎ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጥሎ አያውቅም። ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው!»

ሀፍሳ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም፣ ዝም እላለሁ ብዬ የማልኩት ሰውዬ፣ ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ። የአገራችን ሰው በሽታውን ትቶ በሽታውን የሚናገረውን አፍ ይዘጋል፤ ልጁ ሲያለቅስ አፉን በእጁ እንደሚያፍን ሞግዚት።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ቆጣሪው የጣለው እናንተን ለማዳን ነበር። ቦይለሯ ሆድ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቅ ጥምዝ ብረት አለ፤ ሬዚስታንስ እንለዋለን። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በብረቱ ውስጥ ለውስጥ ነው። ከተማችን ውስጥ ውሃ በየጊዜው ይጠፋል፤ ጋኑ ባዶውን ሳለ ከበራ ብረቱ በደረቁ ግሎ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ያመልጣል። የተቆረጠው ሽቦ ያመለጠውን ወደ መሬት የሚሸኝ ነበር። አሁን መሄጃ የለውም። መሄጃ የሚያገኘው ሰው ሲነካው ነው።»

«በነጠላ ጫማ ከሆነስ?»

«እግርዎ በጫማ ላይ ሆኖ እጅዎ ቧንቧውን፣ ትከሻዎ እርጥቡን ግድግዳ ቢነካ ጫማው ምን ያደርጋል? በውሃ የራሰ ጫማስ ይታመናል?»

«አንቺ ልጅ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የሚሠራ ነገር አይፈታም። ፈትተሽ ብትበላሽስ?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል ጋሼ። ሥራው የግማሽ ቀን እንኳ አይደለም። መብራቱን ከዋናው ማጥፋት፣ ውሃውን ማፍሰስ፣ ሬዚስታንሱን ፈትቶ በአዲስ መተካት፣ ሽቦውን መመለስ፣ ይኸው ነው። ከዚያም በየዓመቱ ከፍቶ ዝቃጩን ማጠብ። ውስጧ ጋኑን ከዝገት የሚያድን ዘንግ አለ፤ እሱም ሲያልቅ ይቀየራል። ሰው ለበቅሎው የሚያደርገውን ያህል እንክብካቤ ብናደርግላት ዕድሜ ትሰጣለች።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ክርክሩ ከሽቦ ወጥቶ ወደሚወዱት ሜዳ መግባቱ ነው። «ስሚኝ ልጄ። ሰው ቀኑ ካልደረሰ አይሞትም። በዚች ቦይለር ስንት ሰው ታጥቧል፤ የሞተ አለ? ቀኑ ከደረሰ ደግሞ አልጋው ላይ ይሞታል።»

«ቀኑን የሚያውቀው አላህ ነው ጋሼ። ማብሪያውን የሚያጠፋው ግን ሰው ነው።»

ይህን ስትል ሳላስበው «እውነቷን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ስለ ቁርጥማትም፣ ስለ ልብ ምትም የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩ። እትዬ በዛወርቅ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ጋሽ ሀብተሥላሴም ራሳቸውን ነቀነቁና «እሺ» አሉ። «እሺ፣ ማኅበሩ ይለፍና ትሠራታለሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።»

በእኛ ዘንድ እሺ ማለት አልሰማሁሽም ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እምቢ ያለውን ሰው ትከራከረዋለህ፤ እሺ ያለህን ምን ታደርገዋለህ? ሀፍሳም ይህ ገብቷት ኖሮ ዓርብ ዕለት ማንም ሳይጠራት አዲስ ሬዚስታንስና መፍቻዋን ይዛ መጣች። መብራቱ እንደጠፋ ነበር። ባልና ሚስት በአክብሮት ተቀበሏት፣ ሻይ አጠጧት፣ ነጭ ማር በዕቃ ሞልተው ሰጧት፣ «ከማኅበሩ በኋላ» ብለው በር ድረስ ሸኟት። ሰውን በማር አጉርሶ መመለስ እንዴት እንደምንችልበት! እቤቴ ጎራ ብላ «ጋሽ ሰብሃት፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ።

እሑድ ጠዋት መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። እትዬ በዛወርቅ እንግዳ ሳይመጣ ገላቸውን ሊታጠቡ ቦይለሯን አበሩ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ጩኸት ሰማሁ፤ ይኼኛውን ማንም የደስታ አይለውም።

ስደርስ ጋሽ ሀብተሥላሴ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገንጥለው ሊገቡ ሲሉ ነበር። ወደ ኋላ ጎትቼ ጣልኳቸውና ሮጬ መብራቱን ከዋናው አጠፋሁ። ከዚያ ገባን። ቧንቧውን በእጃቸው እንደጨበጡ በግድግዳው ተደግፈው ወድቀዋል። አዲሱ ነጠላ ጫማ ከእግራቸው አልወለቀም። ደረታቸውን ብጫን፣ ትንፋሽ ብሰጥ፣ ክንዴ እስኪዝል ብታገል አልተመለሱም። ከዋጫ ለማኅበር የመጡት ዘመዶች ለቀብር ዋሉ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የገባ ሁሉ «ቀኗ ነው፤ ምን ይደረጋል» ይላል። የወጣ ሁሉ «እግዜር የቆረጠውን ማን ይቀጥለዋል» ይላል። ጋሽ ሀብተሥላሴ ይህን ሁሉ አቀርቅረው ሲሰሙ ቆይተው በጆሮዬ «ሀፍሳን ጥራልኝ። መፍቻዋን ይዛ ትምጣ» አሉኝ። አንተ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ማዕረግ ተቆጣ። «ጋሼ፣ በለቅሶ ቤት ጥገና? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ሰምቼ ነው እዚህ የደረስኩት» አሉት።

ሀፍሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። እኔና ጋሽ ሀብተሥላሴ ብቻ አብረናት ገባን። ዋናውን አጠፋች፤ በመሞከሪያዋ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን አረጋገጠች፤ ውሃውን አፈሰሰች። ቡናማ ዝቃጭ እየተግተለተለ ወጣ። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትታ ሬዚስታንሱን ሳበችው። ነጭ ቅርፊት እንደ ለምጥ ወሮታል። ቅርፊቱን በጨርቅ ስትጠርገው መታጠፊያው ላይ በቁመቱ ተሰንጥቆ ታየ። ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ ነው።

ጋሽ ሀብተሥላሴ በሁለት እጃቸው ተቀብለው አዩት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት ጋሼ።»

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድንኳን ያሉት ሁሉ ቀኗ ነው ይሉኛል። እኔም ስለው የኖርኩት ነው። ዓርብ ዕለት ይህን ቀይረሽው ቢሆን ኖሮስ?»

ሀፍሳ ወደ እኔ ዞረች። ለሽማግሌ ክፉ አትናገሪ ተብላ ያደገች ልጅ ናት። እኔም በልቤ ዋሺ፣ እባክሽን ዋሺላቸው አልኩ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይኖሩ ነበር ጋሼ» አለች።

«ተባረኪ» አሉ። «ከመጣው ሰው ሁሉ ያከበርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለውን ተረት ስንቀልድበት ኖረናል። መከራ ግን ክፉ አስተማሪ ነው፤ ትምህርቱን የሚጀምረው ፈተናው ካለቀ በኋላ ነው። ሀፍሳ ጋኑን አጥባ፣ አዲሱን ሬዚስታንስ ከነጎማው አሰረች፤ ያለቀውን ዘንግ ለወጠች፤ የተቆረጠውን ሽቦ ቀጥላ እስከ መሬቱ ድረስ መድረሱን አየች። ውሃ ሞልቶ በቧንቧው መፍሰሱን ሳታይ መብራቱን አልመለሰችም። ሞክራ ስትጨርስ ውሃው ሞቀ፤ ምንም አልነዘረም። ጋሽ ሀብተሥላሴ እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ሳያደርቁ ወደ ድንኳኑ ወጡ።

«ስሙኝ» አሉ ቆመው። «ቀኗ አልነበረም። ቦይለራችን ተሰንጥቃ ኖሯል፤ ይቺ ልጅ ነገረችኝ፣ ሰብሃትም ነገረኝ፣ እሺ እያልኩ መለስኳቸው። አሁን ተሠርታለች። በግማሽ ቀን የምትሠራ ነገር ነበረች። የሠራት ሰው ሙቅ ውሃ አለው፤ ልጁን ያለ ስጋት ያጥባል፤ ሚስቱ ከመታጠቢያ ቤት በእግሯ ትወጣለታለች። በየዓመቱ ያሳጠባት ለዓመታት ሌላ አይገዛም። ቆጣሪው የሚጥልባችሁ፣ ለምን ጣለ ብላችሁ ጠይቁ፤ አፉን አትዝጉት። ቤቱ ውሃ የሚነዝረው ማን አለ?»

ከሰዎቹ መሐል ቤታቸው እንደሚነዝር በአፋቸው የነገሩኝን አውቃለሁ፤ መሬት መሬት ያያሉ። ከጀርባዬ አንዱ «ሐዘን ነው የሚያናግራቸው፤ አስቀምጧቸው» አለ።

«ለቅሶዬን አትድረሱኝ!» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። «ተነሡና ማብሪያችሁን አጥፉ። ከዚያ ተመልሳችሁ ታለቅሱልኛላችሁ።»

በዕድሜዬ ለቀስተኛ ሲባረር አይቼ አላውቅም። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ማዕረግም በኀፍረት ፊቱን ሸፈነ። ከሴቶቹ በኩል ጎረቤታችን ዝማሬ ብድግ አለች። ልጆቿን እንድታጥብላት ለአማቷ ትታ ነበር የመጣችው። ለማንም ሳትናገር ነጠላዋን ሰብስባ ከድንኳኑ ወጣች፤ በሩን እንዳለፈች ስትሮጥ ጭቃው ሲንቦጫረቅ ሰማን። ሌላው ሰው ግን ከመቀመጫው አልተነሣም።

ጋሽ ሀብተሥላሴ አጠገቤ ዝልፍልፍ ብለው ተቀመጡ። እኔም ላጽናናቸው ብዬ «አንድ ሰው ብቻ ሰማ፤ ምን ይደረጋል» አልኳቸው።

«አንድ ሰው ይበቃል» አሉኝ። «በእኔም ቤት አንድ ሰው ይበቃ ነበር።»