ቀዩ ምልክት

ደብረ ብርሃን እኛ መሥሪያ ቤት ፎቶ የሚያመሳክር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከገባ ወዲህ፣ የሚከራከረኝን ባለጉዳይ ሁሉ "ማሽን አያዳላም!" እያልኩ አፍ ማስያዝ ለምጄ ነበር። በቀደም ታዲያ አንዲት እማሆይ የቤታቸውን ካርታ ሊያሳድሱ ከአንኮበር መጡ። ባላቸው ሲሞቱባቸው መንኩሰው ቆብ ደፍተዋል። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ግን ሹሩባ የተሠሩበት የወይዘሮነት ፎቷቸው ነው፤ ስሙም የዓለም ስማቸው። በቆባቸው ፎቶ አንስቼ ሳስገባ ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ሲበራ አየሁና "እማሆይ፣ እርስዎ አይደሉም ብሏል። ቀጣይ!" አልኩ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

"ማሽን እኮ አይዋሽም፣ እማሆይ!"

"ይዋሻል መች አልኩ፣ ልጄ? እስቲ ያለውን እንዳለ አንብብልኝ።"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። "ፎቶዎቹን ማመሳሰል አልተቻለም። ባለሙያው..." ድምፄ ሟሸሸ። "ባለሙያው ባለጉዳይዋን አነጋግሮ ይወስን።" ለካ እስከዛሬ ቀዩን እንጂ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቤው አላውቅም!

እማሆይ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "እሱማ ጠይቃት ነው ያለህ" አሉኝ ቀስ ብለው። "አይደለችም ያልከው አንተ ነህ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ጉዳያቸውን እየጠየቅሁ ጨረስኩላቸው። ከእሳቸው በፊት ቀዩን ብቻ አይቼ የመለስኳቸውን ሰዎች ግን የት ብዬ ልፈልጋቸው?